ቀለሙን ያልተናገረ ግጥም

ግጥሙ 14 መስመር ነው። በ14ቱም ውስጥ «ጥቁር» የሚል ቃል የለም፤ «ነጭ» የሚልም የለም። አሜሪካ አልተጠራችም፤ ባርነት አልተነሣም፤ የሰው ስም፣ የከተማ ስም፣ ቀን የሚባል ነገር የለውም። ይሁንና በሃያኛው ክፍለ ዘመን ስለ ጥቁሮች ትግል ከተጻፉት መካከል የዚህን ያህል ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ በቃል የተያዘ፣ አንዳንዴም ባለቤቱ የተዘነጋለት ግጥም ጥቂት ነው። ጃማይካዊው ክላውድ ማኬይ በ1919 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «መሞታችን ካልቀረ» ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ግጥም ወደ አማርኛ ለመመለስ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቀን ባንክ ቤት መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ቀለም እቆጥራለሁ። በመካከሉ ሁለት ዓመት ያህል አቋርጬው ነበር፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ትርጉሙን እዚህ አላቀርብም፤ ገና አላለቀም። የማቀርበው ከቃል ቃል ስታገል ግጥሙ ውስጥ ያየሁትን ነው።

ማኬይ በጃማይካ ክላረንደን በምትባል አገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ1912 እ.ኤ.አ. በአገሩ ሰዎች አነጋገር የተጻፉ ሁለት የግጥም መጻሕፍት አሳተመ፤ በዚያው ዓመት እርሻ ሊማር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ትምህርቱን ግን አልጨረሰም። በ1919 የምናገኘው በፔንሲልቫኒያ ምድር ባቡር የምግብ ፉርጎ ውስጥ አስተናጋጅ ሆኖ ነው። ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ የሚንቀጠቀጥ ሰሐን በእጁ ይዞ፣ ከተማ ከከተማ ይመላለሳል። ግጥሙን የሚጽፈው ከዚያ በተረፈችው ሰዓት ነው። (እኔም ፈገግታ የሥራው ግዴታ ከሆነበት ቦታ ስለምውል፣ ፈገግ ብሎ ሲያስተናግድ የዋለ ሰው ማታ ምን ሊጽፍ እንደሚችል በመጠኑ የማውቅ ይመስለኛል።)

ያ ዓመት ምን ዓመት ነበር? የአንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ማብቃቱ ነው። በፈረንሣይ ግንባር የተዋጉት ጥቁር ወታደሮች ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። የኒውዮርኩ 369ኛ ክፍለ ጦር የካቲት ላይ በአምስተኛው ጎዳና ሰልፍ አሳይቶ እስከ ሃርለም በእልልታ ታጅቧል። ከደቡብ ክፍለ ሀገራት የተሰደዱ ጥቁሮች በሰሜን ከተሞች ፋብሪካዎችና ሠፈሮች ውስጥ ገብተዋል፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ነጭም ሥራውንና ቤቱን ተሻሙኝ ባይ ሆኗል። ከዚያ በጋው መጣ። ጸሐፊው ጄምስ ዌልደን ጆንሰን «ቀዩ በጋ» ብሎ የሰየመው ጊዜ ነው፤ በየከተማው የነጮች መንጋ በጥቁሮች ላይ የተነሣበት። በጁላይ ዋሽንግተን ታመሰች። በ27ኛው ቀን ቺካጎ ላይ ዩጂን ዊልያምስ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ በሚሺጋን ሐይቅ ሲዋኝ፣ በውኃው ላይ ማንም ያላሰመረውን፣ ግን ሁሉም የሚያውቀውን የነጭና የጥቁር ድንበር ተሻገረ። በድንጋይ ተወረወረበትና ሰጠመ። ፖሊሱ ወርዋሪውን አላሥርም አለ። ከዚያ በተከተለው ሳምንት 38 ሰዎች ሞቱ፤ 23ቱ ጥቁሮች፣ 15ቱ ነጮች። ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ አንድ ሺህ ያህል ቤተሰብ ቤት አልባ ሆነ። በበልጉ ደግሞ አርካንሳስ ውስጥ ኢሌን በተባለች ቦታ፣ የጥጥ እርሻ ጭሰኞች ማኅበር ለማቋቋም በመሰብሰባቸው ተጨፈጨፉ፤ የሟቾቹ ቁጥር እስካሁን ያከራክራል።

ግጥሙ የታተመው ማክስ ኢስትማን ያዘጋጀው በነበረው «ዘ ሊበሬተር» መጽሔት የጁላይ እትም ላይ ነው። ቀኑን ልብ በሉ። ቺካጎ ገና አልነደደችም። ይህን ሳስተውል ግጥሙ የአንድ ጭፍጨፋ ሙሾ ነው የሚለው የተለመደ አባባል ከእጄ ወደቀ። ሙሾ ካለቀ በኋላ ይመጣል፤ ይህ ግን ቀድሞ የመጣ ነው።

ማኬይ በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ያንን ወቅት ሲተርክ፣ ጥቁሮቹ የባቡር ሠራተኞች እንዴት ተጨንቀው እንደነበር ይናገራል። ባቡሩ ከቆመ በኋላ እንደ ወትሮው ወደየመጠጥ ቤቱና ወደየቁማሩ መበተን ቀረ። ከጣቢያ እስከ ማደሪያቸው ተጠጋግተው ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹም ታጥቀዋል። ለእነዚህ የሥራ ባልደረቦቹ ያነበበላቸው ግጥም ይህ አንድ ብቻ ነበር። ሰሙትና ተረበሹ። ከሁሉም ግድ የለሽና ቀልደኛ የነበረው አስተናጋጅ እንኳ አለቀሰ። እኔ ከማኬይ ሕይወት ሁሉ ሞስኮ ከሄደበትም፣ ከታወቀበትም ጊዜ ይልቅ ይህችን ሰዓት ነው የምወደው። ግጥሙን በመጀመሪያ የሰሙት ሐያስያን አልነበሩም። የሰው ትርፍራፊ አንሥተው፣ ሰሐን አጥበው፣ ማታ ከጣቢያ እስከ አልጋቸው ያለችውን መንገድ የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ። ግጥሙ ውስጥ ቀለም ያልተጠራው ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። ለእነርሱ ማን እንደሆኑ መንገር አያስፈልግም ነበር።

እንግዲህ ወደ ግጥሙ እንግባ።

የሚጀምረው በእንስሳ ነው። ታጉረን እንደሚታረዱ አሳማዎች አንሙት ይላል፤ ዙሪያውን የተራቡ ውሾች ይጮኻሉ፣ ያላግጣሉ። የመጀመሪያው ዕንቅፋት ያገኘኝ እዚሁ ነው። አሳማ በእኛ አገር ምንድን ነው? ለእንግሊዝኛው አንባቢ አሳማ ጋጣው ውስጥ ታጉሮ ቢላዋ የሚጠብቅ፣ ተከቦ መውጫ የሌለው የቤት እንስሳ ነው። ለእኛ ግን ገና ስሙ ሲነሣ የሚቀድመው ርኩስነቱ ነው። «እንደ አሳማ» ብዬ ብጽፍ አማርኛ አንባቢ የሚጸየፈው ሟቹን ይሆናል። «እንደ በግ» ብልስ? በግ ደግሞ መሥዋዕት ነው፤ ፋሲካ ነው፤ ዝም ብሎ መታረዱ የሚያስመሰግነው የዋህ ነው። ማኬይ ሊያጠፋው የሚፈልገው በትክክል ያንን የዋህነት ነው። በመጨረሻ «በበረት የታጎረ ከብት» ላይ ቆሜያለሁ። ክብደቱ ቀንሷል፤ ግን ቢያንስ አልዋሸም።

ይህ የእንስሳ ነገር ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ግጥሙን ወደ ታች ስወርድ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ እንስሳ የመሞት አደጋ ያለባቸው ተናጋሪዎቹ ናቸው። መካከል ላይ ገዳዮቹ ጭራቅ ተብለው ይጠራሉ። መጨረሻ ላይ እነርሱው መንጋ ይሆናሉ፤ ያውም ፈሪ መንጋ። ተናጋሪዎቹ ደግሞ ሰው ሆነው ይቆማሉ። ማንም አላሸነፈም፤ ከበባው አልተሰበረም፤ ግን በ14 መስመር ውስጥ ሰውና አውሬ ቦታ ተለዋውጠዋል። እኔ የግጥሙ አብዮት ይህ ነው ባይ ነኝ። የተገለበጠው ስም ነው።

እዚህ ላይ የቅርንጫፋችን የገንዘብ ቤት ኃላፊ፣ «ጋሼ» የምንላቸው ታላቃችን፣ አጥብቀው ይከራከሩኛል። ጋሼ ግጥም ይወዳሉ፤ ሒሳብ ከዘጋን በኋላ ረቂቄን አንብቤላቸው አውቃለሁ። እንግሊዝኛው «ሜን» የሚለውን ቃል ይጠቀማል፤ ወንዶችም ሰዎችም ማለት ነው። «ይኼ የወንድ ልጅ ነገር ነው፤ ‹እንደ ወንድ› ብለህ ጻፈው!» ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ በጆሮ ሲሰማ «ወንድ» ይመታል። እኔ ግን «ሰው» የሚለውን አለቀውም። ምክንያቴ ከላይ ያልኩት ነው። ግጥሙ በእንስሳ ከተጀመረ የእንስሳ ተቃራኒ ወንድ ሊሆን አይችልም፤ ሰው ነው። ደግሞም «ወንድ» ያልኩ እንደሆነ ግጥሙ ወዲያው ፉከራ ይሆንብኛል።

ፉከራ የመሆን አደጋው ቀላል አይደለም። የእኛ ጆሮ ለቀረርቶና ለፉከራ የተቃኘ ስለሆነ ሞትና ክብር አንድ መስመር ላይ ሲገናኙ እግራችን መሬት ይመታል። ነገር ግን ፎካሪ «እኔ» ባይ ነው። የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም ይጠራል፤ የጣለውን ይቆጥራል። የማኬይ ግጥም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እኛ» ነው። የሚቆጠር ግዳይ የለውም። የማን ልጅ እንደሆነ አይናገርም። ጀግናም ፈሪም ለይቶ አያወጣም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ አድማጮቹ ዞሮ ይጣራል። ቃሉ «ዘመዶቼ» ነው፤ በሥጋ የሚዛመዱትን። እኔ «ወገኖቼ» ብየዋለሁ። ወገን በአማርኛ ዘመድም ነው፣ ጎራም ነው፤ አንድ ወገን ከሌላ ወገን ሲዋጋም ያው ቃል ነው። ይህ ድርብ ትርጉም መጀመሪያ ደስ አሰኘኝ፤ ቅኔ የገጠመልኝ መሰለኝ። በኋላ ግን ያስፈራኝም ይኸው ቃል ነው።

ስለ ቅርጹ ባጭሩ ልበል። ግጥሙ ሶኔት ነው፤ ሼክስፒር በደረሰበት ስልት የተሠራ፣ ሦስት ባለ አራት መስመር አንጓና ሁለት መዝጊያ። በየመስመሩ 10 ቀለም አለው። የእኛው ሰንጎ መገንም አምስት አምስት እየከፈለ 10 ቀለም ስለሚሞላ እርሱን ሞክሬ ነበር፤ ለዘፈን ቀረበብኝና ወደ 12 ቀለሙ የወል ቤት ተመለስኩ። ብዙዎች «እንዲህ ያለ ቁጣ ለፍቅር በተሠራ የእንግሊዞች ቅርጽ ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው አያሳምነኝም። ማኬይ ያደገው በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ትምህርት ነው፤ ሼክስፒር የተሰጠው መሣሪያ ነበር፤ ያነሣውም በእጁ የነበረውን ነው። ደግሞ ቁጣ ሲሰፈር ይጠነክራል እንጂ አይቀንስም። የተከበበ ሰው የቀሩትን ጥይቶች ይቆጥራል፤ ይህ ግጥምም ቃሉን እንደዚያ የሚቆጥር ነው።

በዚያው በጋ አንድ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር፤ ለእኛ አንባቢዎች ሳላነሣው ማለፍ አይሆንልኝም። በ1919 እ.ኤ.አ. ንግሥት ዘውዲቱ በነገሡበት ዘመን፣ ኃያላኑ በጦርነቱ ድል ስላደረጉ ደስታ ለመግለጽ የኢትዮጵያ ልዑካን አሜሪካ ገብተው ነበር። ደጃዝማች ናደው፣ ከንቲባ ገብሩ ደስታና የ«ወዳጄ ልቤ» ደራሲ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከልዑካኑ ነበሩ። ፕሬዚዳንት ዊልሰን ተቀበሏቸው፤ የጥቁሮቹ ጋዜጦችም በደስታ ጻፉላቸው። እስቲ አስቡት፤ የዘመናዊው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አባት ከምንላቸው አንዱ፣ ያ መጽሔት በወጣበት ወር፣ በዚያው አገር ነበሩ። አንዱ በባቡሩ ውስጥ ክቡር እንግዳ፣ ሌላው በባቡሩ ውስጥ አስተናጋጅ። መገናኘታቸውን አልልም። የሚገርመኝ ርቀቱ ነው፤ አንድ በጋ፣ አንድ የባቡር ሐዲድ፣ ሁለት ጥቁር ጸሐፊዎች።

ማኬይ ግን በኋላ ወደ እኛ ዞሯል። ከሞተ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ ያልታተመ ልብ ወለዱ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተገኘ፤ በ2017 ታተመ። ታሪኩ የሚከናወነው ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ሃርለም ውስጥ ነው፤ ሕዝቡ ለኢትዮጵያ ገንዘብ ሲያዋጣ፣ ኮሚኒስቶቹ ያንን ፍቅር ለራሳቸው ጥቅም ሊያደርጉት ሲሻሙ። በ1922 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ሄዶ በኮሚኒስት ኢንተርናሲዮናል አራተኛ ጉባኤ የተናገረው ያው ሰው ነው ይህን የጻፈው። ስለዚህ «መሞታችን ካልቀረ» የአብዮት ግጥም ነው ሲባል «የቱ አብዮት?» ማለት ተገቢ ነው።

እኛ የአብዮት ግጥም ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ የተጻፈልን ሁሉ ንጋት ነበረው፤ ፀሐይ ይወጣል፣ ሰንሰለት ይበጠሳል፣ የደም ጎርፍ ነገ አበባ ያበቅላል። በማኬይ ግጥም ውስጥ ግን ነገ የለም። ድል የሚል ቃል አታገኙም። ሰንደቅ የለም፤ መሪ የለም፤ ለልጆቻችን የሚል ነገር የለም። ከፊት ያለው የተከፈተ መቃብር ነው፤ ከኋላ ግድግዳ። ተስፋ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገዳዮቹ እንኳ ሬሳውን ሲያዩ እንዲያከብሩት መገደዳቸው። ስለዚህም ነው ርዕሱ ላይ ያለው «ካልቀረ» የማይነካው። «እንሙት» አይደለም። «ከመሞት መሰንበት» የሚለውን የአባቶች ተረት ግጥሙ አይክድም፤ መሰንበት እስከተቻለ ድረስ የሚለው የለውም። የሚናገረው ያ በር ከተዘጋ በኋላ ስላለችው ሰዓት ብቻ ነው።

አሁን ያቋረጥኩበትን ልናገር። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በተካሄደበት ጊዜ፣ ስልኬ ላይ በየቀኑ ግጥም ይደርሰኝ ነበር። ከዚህም ከዚያም። አንዳንዶቹ ጥሩ ግጥሞች ነበሩ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሁሉም ተከብበናል ይሉ ነበር፤ ሁሉም ወገኖቼ ይሉ ነበር፤ ሁሉም በክብር ይሉ ነበር። ማታ ወደ ረቂቄ ስመለስ የምተረጉመው ግጥም ቀን ያነበብኩትን መሰለኝ። አንድ መስመር አስተካክዬ ባወጣው የትኛውም ወገን ሊዘምትበት ይችላል። ቀለም አልያዘማ! ማኬይ በስተርጅናው ግጥሙ ሁለንተናዊ መሆኑን፣ የትም ይሁን የት፣ የየትኛውም ዘርና እምነት ሰዎች ግድግዳ ሲይዙና ሲገደሉ ሊያነቡት እንደሚገባ ተናግሯል። ደስ ብሎት ነው የተናገረው። ዊንስተን ቸርችል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አነበቡት የሚል ወሬም አለ፤ ማስረጃ አልተገኘለትም፤ መወራቱን ግን አላቆመም። የቅኝ ግዛት ልጅ ግጥም በቅኝ ገዢው አፍ! ግጥሙ ቀለም ቢኖረው ኖሮ ይህ ወሬ እንኳ አይወለድም ነበር።

ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ እናቴ ቤት ሄጄ፣ ቡና እስኪፈላ፣ የቋጨኋቸውን ስንኞች አነበብኩላት። እናቴ ታላቅ ወንድም ነበራት። በ1970 ዓ.ም. ገና 20 ዓመት ሳይሞላው ከቤት ወስደውት አልተመለሰም። ሬሳ አልተሰጠም፤ መቃብሩም አይታወቅም። አያቴ ተዝካሩን ሳያወጡ አረፉ፤ ያላዩትን ሬሳ ተዝካር ማውጣት በገዛ እጅ መግደል መስሎ ታያቸው። እኛ ቤት ስለ እርሱ ሲወራ «በክብር» ተብሎ አያውቅም። «እንደወጣ ቀረ» ነው የሚባለው። እናቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ ረከቦቱን እያስተካከለች፣

«ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ እናት የለውም?» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ሁሉ ተጠርቶ እናት አልተጠራችማ።»

እውነቷን ነው። ወገን አለ፤ ጠላት አለ፤ ውሻ እንኳ አለ። የሚያለቅስ የለም። ለረጅም ጊዜ ይህን የግጥሙ ጉድለት አድርጌ ይዤው ነበርና አሁንም ጉድለት አይደለም አልልም። ግን አንድ ነገር አሳየኝ። አጎቴ ግድግዳ ይዞ የመመከት ዕድል አልነበረውም። በሌሊት፣ በፒጃማ፣ አንድ በአንድ ነበር የሚወሰዱት። ግጥሙ ስለ እርሱ አይደለም። ግጥሙ «እኛ» ማለት ለሚችሉ፣ ቢያንስ ከጣቢያው እስከ ማደሪያቸው አብረው ለሚሄዱ ነው። ስለ እርሱ ሌላ ሰው ሌላ ግጥም መጻፍ አለበት፤ ምናልባትም እናቴ በነገረችኝ መንገድ።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ነው ወደ ግጥሙ የተመለስኩት። ቀለም አልያዘም ማለት ለማንም የተሰጠ ነው ማለት እንዳልሆነም ያየሁት ያኔ ነው። ቃሉን እያያችሁ ውረዱ። ተናጋሪዎቹ በቁጥር እጅግ ያነሱ ናቸው። ሺህ ምት ወርዶባቸው የሚመልሱት አንድ ነው። የታጎሩት እነርሱ ናቸው። አልዘመቱም፤ መጥተውባቸው ነው። ድል ለማንም አልገቡም። እነዚህ ሁሉ በግጥሙ ውስጥ በግልጽ ተጽፈዋል። መድፍ ያለው፣ ራዲዮ ጣቢያ ያለው፣ የሌላውን ልጅ በጭነት መኪና ጭኖ የሚልክ ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ግጥሙ ራሱ ይመሰክርበታል። ማኬይ ራሱም ቢሆን ከግጥሙ ጋር ሰላም አልነበረውም። በ1920 እ.ኤ.አ. ለንደን ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ሰዎች መክረውት አላስገባውም፤ ጸሐፊው ፍራንክ ሃሪስ ይህን ሲያይ ዘሩን እንደከዳ ቆጥሮ አምባረቀበት። በ1922 በወጣው «የሃርለም ጥላዎች» ውስጥ ነው የመለሰው።

ግጥሙ በትክክል ቦታው ላይ ተገኘ የምለው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ኒውዮርክ ውስጥ አቲካ በተባለው እስር ቤት፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች የሆኑ እስረኞች የሰው አያያዝ ይደረግልን ብለው አመጹ፤ ግዛቱ በጦር መሣሪያ ሲያስመልሰው 39 ሰዎች ሞቱ። ታይም መጽሔት በእስረኞቹ እጅ የተገኘ አንድ ግጥም ጠቅሶ፣ ያልታወቀ እስረኛ የሞነጫጨረው አስመስሎ፣ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆኖ ተቸው። ባለቤቱን የነገረቻቸው ገጣሚዋ ግዌንዶሊን ብሩክስ ናት። መጽሔቱ አለማወቁ የሚያሳፍር ነው። እኔን ግን ከዚያ በላይ የሚያስደስተኝ ሌላ ነው። ማኬይ ከሞተ 23 ዓመት አልፎ፣ ስሙ ከወረቀቱ ላይ ጠፍቶ፣ ግጥሙ በእስረኛ የእጅ ጽሑፍ እንደገና ተጽፎ ተገኘ። ያቺ የባቡር ፉርጎ ሌላ ቦታ ቆማ ጠበቀችው።

አሁን የቀረኝ የመጨረሻው መስመር ነው። ችግሩ የሰዋስው ነው። በእንግሊዝኛው ዋናው ግሥ ቀድሞ ይመጣና መስመሩ በሂደት ላይ ባለ ድርጊት ያልቃል፤ ሰውየው እየሞተ ነው፣ እየመከተም ነው፣ ግጥሙ እዚያው ይቆማል። አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ ካላሳረፈ አይረካም። «እንጋፈጣለን» ብዬ ስዘጋው ጥሩ ይመታል፤ ጋሼም አጨበጨቡለት። ግን ተዘጋ፤ ተፈጸመ፤ ድል እንኳ መሰለ። ስለዚህ አነሣሁትና «እየመከትን» ላይ ተውኩት። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ሁለቴ አነበቡት።

«አረፍተ ነገሩ አላለቀም እኮ፤» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ» አልኳቸው።